ባክቴሪያዎች የአሚኖ አሲድ ምርታቸውን የሚቆጣጠሩበት ሥርዓት

ማንኛውም ሕይወት ያለው ፍጥረት ሥራውን የሚያከናውነው በፕሮቲኖች አማካይነት ሲሆን፣ ፕሮቲኖች ደግሞ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ዓይነት ንጥረ ነገሮች እንደ ሰንሰለት እየተያያዙ የሚሠሩ ናቸው። የሰው ልጅ ከእነዚህ መካከል ዘጠኙን በራሱ አካል ውስጥ ማምረት ስለማይችል ከሚመገበው ምግብ ማግኘት ግድ ይሆንበታል። በአንጻሩ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ስኳር፣ የናይትሮጅን ምንጭና ጥቂት ማዕድናት ካገኘ ሃያውንም ዓይነት ራሱ ያመርታል። አምስት መቶ ያህሉ በአንድ መስመር ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ቦታ የሚይዙት እነዚህ ህዋሳት በዚህ ረገድ ከሰው ይልቅ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው ማለት ይቻላል።

ይህ ችሎታ ግን ያለ ወጪ የሚገኝ አይደለም። ትሪፕቶፋን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ብንወስድ በፕሮቲኖች ውስጥ ያለው ድርሻ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከሃያዎቹ ሁሉ ለማምረት ከፍተኛውን ኃይል የሚጠይቀው እርሱ ነው። ህዋሱ ለሥራው የሚያወጣው የኃይል መገበያያ ኤ.ቲ.ፒ. በሚባለው ሞለኪውል ሲሰላ፣ አንድ ትሪፕቶፋን ለመሥራት 74 ያህል ይጠይቃል። ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በየ20 ደቂቃው ለሁለት የሚከፈለው ኢ. ኮላይ፣ አስተናጋጁ ሥጋ ወይም እንቁላል በልቶ ትሪፕቶፋን በአንጀቱ ውስጥ ሞልቶ እያለ የራሱን ምርት ቢቀጥል ኃይሉን ያባክናል። ያባከነው ደግሞ ከቆጠበው ጎረቤቱ በመራባት ይቀደማል፤ በጊዜ ሂደትም ከቦታው ሊጠፋ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ አስተናጋጁ ሲጾም ወይም ሲራብ ምርቱን ፈጥኖ ካልጀመረ ዕድገቱ ይቆማል።

በመሆኑም ባክቴሪያው መቼ ማምረት፣ መቼ ማቆም፣ ምን ያህልስ ማምረት እንዳለበት የሚወስንበት ሥርዓት ያስፈልገዋል። አእምሮም ሆነ ነርቭ የሌለው ህዋስ ይህን እንዴት ይወስናል የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያሠራ ሲሆን፣ የተገኘው መልስ በቤተ ሙከራ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የዶሮ መኖ አመራረት፣ የኬሚካሎች ደኅንነት ፍተሻ፣ እንዲሁም እንደ ሳንባ ነቀርሳና ትራኮማ ያሉ በኢትዮጵያ ከባድ ጉዳት የሚያደርሱ በሽታዎች ጥናት ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ፍንጮች የተገኙት በ1950ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ዣክ ሞኖና ጀርሜን ኮሄን-ባዚር፣ ባክቴሪያው በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ትሪፕቶፋን ሲጨመር ትሪፕቶፋንን የሚሠራው ኢንዛይም መመረቱን እንደሚያቆም አስተዋሉ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ አሮን ኖቪክና ሊዮ ዚላርድ ተመሳሳይ ነገር ከሌላ አቅጣጫ አገኙ። የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ሂደትን ሐሳብ በማፍለቅ የሚታወቁት ዚላርድ ከጦርነቱ በኋላ ፊዚክስን ወደ ጎን ብለው ወደ ሥነ ሕይወት የገቡ ናቸው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ትሪፕቶፋን ሲጨመር የምርት መስመሩ ወዲያውኑ እንደሚቆም ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ኤድዊን አምባርገር አይሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በራሱ የምርት መስመር መነሻ ላይ ያለውን ኢንዛይም በቀጥታ እንደሚያግድ አሳዩ።

እነዚህ ግኝቶች ተመሳሳይ ቢመስሉም በውስጣቸው ሁለት የተለያዩ የቁጥጥር ዘዴዎች አሉ። አምባርገር ያሳዩት አስቀድሞ የተሠራውን ኢንዛይም ሥራ የሚያስቆም ነው። የመጨረሻው ምርት ሲበዛ በመጀመሪያው ኢንዛይም ላይ ይለጠፋል፤ ኢንዛይሙም ሥራ ይፈታል። ይህ በቅጽበት የሚፈጸም ነው። ሞኖና ባልደረባቸው ያዩት ግን ኢንዛይሙ ጭራሹን እንዳይሠራ የሚያደርግ ሲሆን፣ ውጤቱ የሚታየው ዘግየት ብሎ ነው። የመጀመሪያው የፋብሪካን ማሽን ከማጥፋት ጋር ሲመሳሰል ሁለተኛው አዲስ ማሽን እንዳይገዛ ከማገድ ጋር ይመሳሰላል። ባክቴሪያው ሁለቱንም በአንድነት ይጠቀምባቸዋል።

የሁለተኛው ዘዴ አሠራር የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1961 ሞኖ ከፍራንስዋ ዣኮብ ጋር ባቀረቡት የኦፔሮን ጽንሰ ሐሳብ ነው። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በዋናነት ያጠኑት ባክቴሪያ የወተት ስኳርን የሚጠቀምበትን መንገድ ቢሆንም፣ ሐሳቡ ለአሚኖ አሲዶችም የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ መሠረት ለአንድ ዓላማ የሚያገለግሉ ዘረ-መሎች በዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድ መቆጣጠሪያ ይታዘዛሉ። በሰልፉ መነሻ ላይ ኦፕሬተር የሚባል ቦታ አለ። አንድ አጋጅ ፕሮቲን በዚህ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ዘረ-መሎቹን የሚያነበው ኢንዛይም ማለፍ አይችልም፤ ሲነሳ መንገዱ ይከፈታል። ዣኮብና ሞኖ ከአንድሬ ሉዎፍ ጋር እ.ኤ.አ. የ1965 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የትሪፕቶፋን ኦፔሮን አምስት ዘረ-መሎችን የያዘ ሲሆን፣ ኮሪስሜት ከሚባል መነሻ ንጥረ ነገር ተነስቶ ትሪፕቶፋን እስከሚደርስ ያሉትን ኢንዛይሞች የሚያሠሩት እነርሱ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አጋጅ ፕሮቲኑ ለብቻው ሲሆን ኦፕሬተሩን መያዝ አይችልም። ቅርጹ ተስተካክሎ በዲኤንኤው ላይ የሚገጥመው ሁለት የትሪፕቶፋን ሞለኪውሎች ሲጣበቁበት ነው። ትሪፕቶፋን በህዋሱ ውስጥ ሲትረፈረፍ አጋጁ ይታጠቃል፣ ኦፔሮኑንም ይዘጋል፤ ትሪፕቶፋን ሲጎድል አጋጁ ትጥቁን ይፈታል፣ ኦፔሮኑም ይከፈታል። ምርቱ ራሱ የምርቱ መዝጊያ ቁልፍ ነው ማለት ነው። አጋጁን የሚያሠራው ዘረ-መል ሳይቀር በዚሁ አጋጅ ቁጥጥር ሥር መሆኑ ታውቋል።

ጉዳዩ በዚህ የተዘጋ መስሎ ነበር። ሆኖም በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ቻርለስ ያኖፍስኪ ከዚህ ማብራሪያ ጋር የማይሄድ ነገር ገጠማቸው። ያኖፍስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 በዘረ-መል ላይ ያሉ ለውጦች ቅደም ተከተል በፕሮቲን ውስጥ ካሉ የአሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ጋር እንደሚዛመድ በዚሁ በትሪፕቶፋን ዘረ-መል ያረጋገጡ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስም ከዚህ ርዕስ ብዙም ያልራቁ ሳይንቲስት ናቸው። በአንድ ኦፔሮን ላይ ይህን ያህል ዕድሜ ማሳለፍ ከውጭ ለሚያይ ሰው ጠባብ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን ሌላ ይናገራል።

የገጠማቸው እንቆቅልሽ የሚከተለው ነበር። አጋጅ ፕሮቲናቸው ሙሉ በሙሉ የተበላሸባቸው ባክቴሪያዎች ኦፔሮናቸው ሁልጊዜ ክፍት ሊሆን ይገባ ነበር። ሆኖም ትሪፕቶፋን ሲጎድልባቸው የኢንዛይሞቹ ምርት ከነበረበት ይበልጥ ይጨምራል። አጋጅ ከሌለ የትሪፕቶፋንን መጉደል የሚያውቀው ማን ነው? በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1973 ያኖፍስኪና የሥራ ባልደረባቸው ኤቴል ጃክሰን በኦፕሬተሩና በመጀመሪያው ዘረ-መል መካከል ያለው የዲኤንኤ ክፍል በከፊል ሲወገድ ምርቱ እንደሚጨምር አሳወቁ። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሌላ መዝጊያ እንዳለ ግልጽ ሆነ።

ያ ቦታ መሪ ቅደም ተከተል የሚባል ሲሆን ርዝመቱ 162 ፊደላት ነው። በቅርበት ሲመረመር 14 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉትን አጭር ፕሮቲን የሚያሠራ ትዕዛዝ ተገኘበት። ይህ አጭር ፕሮቲን ከተሠራ በኋላ የሚያከናውነው አንዳችም የታወቀ አገልግሎት የለውም፤ ወዲያው ይፈርሳል። ትኩረት የሳበው ግን በ10ኛውና በ11ኛው ቦታ ላይ ሁለት ትሪፕቶፋኖች ተከታትለው መገኘታቸው ነው። ትሪፕቶፋን ከመቶ አንድ ያህል ብቻ በሚገኝበት ዓለም ሁለቱ ጎን ለጎን በአንዲት አጭር ሰንሰለት ውስጥ መታየታቸው በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ የባክቴሪያ ባሕርይን ማስታወስ ያስፈልጋል። በሰው ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚገኘው በኒውክለስ ውስጥ ተከልሎ ነው። ትዕዛዙ ወደ መልዕክተኛ አርኤንኤ ተገልብጦ ከኒውክለሱ ከወጣ በኋላ ነው ራይቦዞም የተባለው የፕሮቲን መሥሪያ የሚያነበው። ባክቴሪያ ግን ኒውክለስ የለውም። በመሆኑም ግልባጩ ገና እየተጻፈ እያለ ራይቦዞሙ ከኋላ እየተከተለ ማንበብ ይጀምራል። ጸሐፊው ደብዳቤውን ሳይጨርስ ኃላፊው በትከሻው ላይ አጎንብሶ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሥራ ላይ እንደሚያውለው ዓይነት ነው።

የመሪው ቅደም ተከተል ግልባጭ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለተኛው ክፍል ከሦስተኛው ጋር፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአራተኛው ጋር እየተጣጠፈ የፀጉር መያዣ የመሰለ ቅርጽ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ሦስተኛው በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ጋር መጣመር ስለማይችል ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ሦስተኛውና አራተኛው ከተጣመሩ ያ ቅርጽ የጽሑፉ ማብቂያ ምልክት ይሆናል፤ ግልባጩን የሚጽፈው ኢንዛይም ከዲኤንኤው ላይ ይወርዳል፣ አምስቱም ዘረ-መሎች ሳይነበቡ ይቀራሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከተጣመሩ ግን የማብቂያው ምልክት ስለማይፈጠር ጽሑፉ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የራይቦዞሙ ፍጥነት ነው። በመጀመሪያ ጸሐፊው ኢንዛይም ጥቂት ከሄደ በኋላ ቆም ብሎ ራይቦዞሙን ይጠብቃል፤ ራይቦዞሙ ሲደርስ ሁለቱ ተከታትለው ይጓዛሉ። ራይቦዞሙ አጭሩን ፕሮቲን እየሠራ ወደ ሁለቱ የትሪፕቶፋን ቃላት ሲደርስ ትሪፕቶፋን የተጫነበት አጓጓዥ አርኤንኤ በበቂ ሁኔታ ካገኘ ሳይቆም አልፎ እስከ ማብቂያው ይደርሳል፤ በግዙፍ አካሉም ሁለተኛውን ክፍል ይሸፍነዋል። ሁለተኛው ሲሸፈን ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር ይጣመራል፤ ሥራው ይቋረጣል። ትሪፕቶፋን የጫነ አጓጓዥ ከጠፋ ግን ራይቦዞሙ በእነዚያ ሁለት ቃላት ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቆሞ ሲጠብቅ ሁለተኛው ክፍል ነፃ ስለሚሆን ከሦስተኛው ጋር ይጣመራል። ጸሐፊው ኢንዛይም ሳይደናቀፍ ወደ ዘረ-መሎቹ ያልፋል፤ የትሪፕቶፋን ምርትም ይጀመራል። ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ አቴንዌሽን ወይም ማለዘብ ብለው ሰይመውታል።

እዚህ ላይ ባክቴሪያው ለምን ሁለት መቆጣጠሪያ አስፈለገው የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ሁለቱ የሚለኩት ነገር የተለያየ በመሆኑ ላይ ነው። አጋጅ ፕሮቲኑ የሚለካው በህዋሱ ውስጥ ያለውን ነፃ ትሪፕቶፋን ነው። ይህ በንብረት ክፍል ውስጥ ያለውን ክምችት ከመቁጠር ጋር ይመሳሰላል። አቴንዌሽን የሚለካው ግን በአጓጓዥ አርኤንኤ ላይ ተጭኖ ለሥራ የቀረበውን ነው። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ ሁሉ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ሥራ ቦታ ደርሷል ማለት እንዳልሆነ በንብረት አስተዳደር የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ባክቴሪያውም በመዝገብ ላይ ባለው ክምችት ብቻ አይተማመንም።

በቁጥር ሲታይ አጋጁ ምርቱን እስከ 70 እጥፍ ያህል ይቀንሳል፤ አቴንዌሽን በዚያ ላይ ተጨማሪ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ቅነሳ ያደርጋል። ሁለቱ ሲደመሩ ሳይሆን ሲባዙ ኦፔሮኑ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ያለው ልዩነት ከ600 እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ አምባርገር በሌላ መስመር ያሳዩት ቅጽበታዊ እገዳ በዚህም አለ። ትሪፕቶፋን ሲትረፈረፍ በመስመሩ መነሻ ላይ ባለው ኢንዛይም ላይ እየተለጠፈ ያስቆመዋል። አንዱ በቅጽበት፣ ሌሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠሩ ሦስት ቁጥጥሮች በአንድ የምርት መስመር ላይ ተደራርበዋል ማለት ነው።

ይኸው የአቴንዌሽን ዘዴ በሌሎች አሚኖ አሲዶችም ላይ ተገኝቷል። የሂስቲዲን ኦፔሮን መሪ ፕሮቲን ሰባት ሂስቲዲኖችን በተከታታይ ይዟል። የፌኒልአላኒን መሪም ካሉት 15 አሚኖ አሲዶች ሰባቱ ፌኒልአላኒን ናቸው። የሂስቲዲን ነገር ሲነሳ ሌላ መጠቀስ ያለበት ጉዳይ አለ። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ብሩስ ኤምስ ሂስቲዲን ማምረት የማይችሉ የሳልሞኔላ ዝርያዎችን ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተው፣ በ1970ዎቹ አንድ ኬሚካል ዘረ-መልን የሚለውጥ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ፍተሻ አበርክተዋል። ኬሚካሉ ሲጨመር ዘረ-መላቸው ተለውጦ ሂስቲዲን ማምረት የሚጀምሩ ባክቴሪያዎች ከበዙ ኬሚካሉ አጠራጣሪ ነው። የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ኬሚካል ፈቃድ ሰጪ አካላት ይህን ፍተሻ እስካሁን ይጠቀሙበታል።

ሁሉም ባክቴሪያ ግን አንድ መንገድ አልተከተለም። በአፈር ውስጥ የሚኖረው ባሲለስ ሰብቲሊስ ለዚሁ ለትሪፕቶፋን ፈጽሞ የተለየ መሣሪያ አለው። አሥራ አንድ ተመሳሳይ ክፍሎች ያሉት ቀለበት የመሰለ ፕሮቲን ትሪፕቶፋን ሲያገኝ የግልባጩን አርኤንኤ በዙሪያው ጠቅልሎ ይይዘውና የማብቂያው ምልክት እንዲፈጠር ያደርጋል። ያኖፍስኪና ባልደረባቸው አንጄላ ቫልቡዚ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን ቀለበት የሚያከሽፍ ሌላ ፕሮቲን መኖሩን፣ እርሱም የሚመረተው አጓጓዥ አርኤንኤዎች ባዶ ሲሆኑ መሆኑን አሳዩ። በሌላ በኩል ፍራንክ ግሩንዲና ቲና ሄንኪን እ.ኤ.አ. በ1993 በዚሁ ባክቴሪያ ውስጥ ባዶው አጓጓዥ አርኤንኤ ራሱ በግልባጩ ላይ በቀጥታ ተለጥፎ ዘረ-መሉን የሚከፍትበትን አሠራር ደርሰውበታል። መሣሪያዎቹ ቢለያዩም ክምችትንም፣ ተጭኖ የቀረበውንም የመለካቱ ነገር እዚህም አለ።

ይህ ዕውቀት በኢንዱስትሪ ውስጥ ገንዘብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በጃፓን የኪዮዋ ሃኮ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚከም የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ። ይህ ባክቴሪያ ላይሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ የሚያመርትበት መስመር የሚዘጋው ላይሲንና ትሪዮኒን በአንድነት ሲገኙ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ትሪዮኒን መሥራት የማይችል ዝርያ በማውጣታቸውና የሚያስፈልገውን ትሪዮኒን በቁጥብ እየሰጡ በማሳደጋቸው መዝጊያው ሳይሠራ ቀረ፤ ባክቴሪያውም ላይሲንን ከሚፈልገው በላይ እያመረተ ወደ ውጭ ይለቅ ጀመር። የኢንዱስትሪ ምርቱ በ1958 የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም በዓመት በሚሊዮን በሚቆጠር ቶን የሚመረተው ላይሲን በአብዛኛው ለዶሮና ለአሳማ መኖ ይውላል። ምክንያቱም በቆሎ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የሚያንሰው ሰብል ነው።

በቆሎን ዋና ምግባቸው ላደረጉ ሰዎችም ይኸው ጉድለት አለ። በዘረ-መል ደረጃ የተገኘው መፍትሔም ከቁጥጥር ጋር የተያያዘ መሆኑ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የላይሲን መጠኑ ከፍ ያለ መሆኑን ያሳወቁት ኦፔክ-2 የተባለው የበቆሎ ዓይነት የተበላሸበት አንድ ተቆጣጣሪ ዘረ-መል ነው። ያ ዘረ-መል ሲበላሽ ላይሲን የሌላቸው የማከማቻ ፕሮቲኖች ይቀንሳሉ፤ ሌሎቹ ይበዛሉ። ከዚህ ተነስቶ የተሻሻለው ጥራት ያለው ፕሮቲን የያዘ በቆሎ በኢትዮጵያም ቢ.ኤች.ኪው.ፒ. 542 በሚል መጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለአርሶ አደሩ ተለቋል።

በአንጻሩ ቁጥጥሩን ማንሳት ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ያሳየ ክስተትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የትሪፕቶፋን እንክብል ሲወስዱ የነበሩ ሰዎች ከባድ የጡንቻ ሕመምና የደም ህዋስ መዛባት ያስከተለ በሽታ ያዛቸው። ከ1,500 በላይ ሰዎች ሲታመሙ ከ30 በላይ ሕይወታቸው አልፏል። ምርመራው ያመራው ወደ አንድ የጃፓን አምራች ሲሆን፣ ድርጅቱ ቀደም ብሎ ብዙ ትሪፕቶፋን እንዲያመርት ዘረ-መሉ የተለወጠ አዲስ የባክቴሪያ ዝርያ መጠቀም ጀምሮ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ምርቱን ለማጣራት የሚጠቀምበትን የከሰል መጠን ቀንሷል። ሁለቱ ለውጦች በመገጣጠማቸው በምርቱ ውስጥ የተገኙት ባዕድ ነገሮች የመጡት ከየትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገር አልተቻለም። ሁለት ለውጥ በአንድ ጊዜ ማጽደቅ ምን ዓይነት ችግር እንደሚያስከትል ለተቆጣጣሪ አካላት ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

በጤናው ዘርፍ ትሪፕቶፋን በሰውና በተህዋሲያን መካከል የሚካሄድ ትግል መሣሪያ ሆኖ ተገኝቷል። የሰው አካል በአንዳንድ ተህዋሲያን ሲጠቃ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልዕክት ይለቃል። ይህ መልዕክት የደረሳቸው ህዋሳት በውስጣቸው ያለውን ትሪፕቶፋን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያመርታሉ። ዓላማው ወራሪውን ማስራብ ነው። ራሱ ማምረት የማይችል ወራሪ በዚህ ይያዛል።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ራሱ ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው ባክቴሪያው የበሽታ መከላከያ ህዋሳት የሚያደርሱበትን ጥቃት የሚቋቋመው በረሃቡ ጊዜ የራሱን ትሪፕቶፋን በማምረት ነው። የምርት መስመሩን በአንድ ኬሚካል በመዝጋት ባክቴሪያውን በቀላሉ እንዲሞት ማድረግ እንደሚቻል በቤተ ሙከራና በአይጦች ላይ ታይቷል። የሰው አካል ይህ የምርት መስመር የሌለው በመሆኑ እርሱን የሚመታ መድኃኒት በሰው ህዋስ ውስጥ የሚያገኘው አቻ ዒላማ አይኖርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021–2025 ባወጣው የሳንባ ነቀርሳ ጫና ያለባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የምትገኝ እንደመሆኗ ይህ ጥናት የሚደርስበትን መከታተል ይጠቅማል።

የትራኮማ ነገር ደግሞ ይበልጥ የተለየ ነው። የዓይን ማዝ የሚባለውን ይህን በሽታ የሚያስከትለው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በሰው ህዋስ ውስጥ ብቻ የሚራባ ሲሆን፣ ከትሪፕቶፋን ዘረ-መሎች አብዛኞቹን በዘመናት ሂደት ጥሏቸዋል። የቀሩት አጋጁን ፕሮቲንና የመጨረሻውን ኢንዛይም ሁለት ክፍሎች የሚያሠሩት ሦስት ዘረ-መሎች ናቸው። ይህ የመጨረሻ ኢንዛይም ኢንዶል የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ትሪፕቶፋን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው በአባላዘር የሚተላለፉት የክላሚዲያ ዓይነቶች ይህ ኢንዛይም የሚሠራላቸው ሲሆን፣ ዓይንን የሚያጠቁት ግን ዘረ-መሉ ተበላሽቶባቸዋል።

ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት በአካባቢው ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው። በማህፀን በር አካባቢ ኢንዶል የሚያመርቱ ሌሎች ባክቴሪያዎች ስለሚኖሩ በዚያ ያለው ክላሚዲያ አካሉ ሲያስርበው ከእነርሱ ኢንዶል እየወሰደ ይተርፋል። በዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት ስለሌለ ኢንዛይሙ ጥቅም አልነበረውምና በጊዜ ብዛት ተበላሸ። የዓይኑ ክላሚዲያ ትሪፕቶፋን ሲያጣ በቤተ ሙከራ እንደታየው መከፋፈሉን አቁሞ ባልተለመደ ቅርጽ ተደብቆ ይቆያል፤ ትሪፕቶፋኑ ሲመለስ እንደገና መራባት ይጀምራል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ እንደነበረባቸው መረጋገጡ ይታወሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲያበቃ በ1998 የወሰነ ቢሆንም፣ ቀነ ገደቡ ወደ 2030 ተሸጋግሯል። በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የባክቴሪያውን ራይቦዞም በመያዝ የፕሮቲን ሥራውን የሚያስቆም መድኃኒት ነው። ሆኖም በሽታው ከዓይን ወደ ዓይን በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ስለሚተላለፍ የቀዶ ሕክምና፣ የፊት ንጽህናና የአካባቢ ንጽህና ሥራዎች ከመድኃኒቱ ጋር ተጣምረው እንዲካሄዱ ድርጅቱ ይመክራል። መድኃኒቱ በተሰጠበት ቀበሌ ውኃ ካልደረሰ ሕፃናቱ በቀጣዮቹ ዓመታት እንደገና ሊያዙ ይችላሉ።